ሊሲያቴ ስለ ሥላሴ የሰበከበት እሑድ

የቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ከበሮ አንዴ ተመትቷል። ሦስተኛው ሲመታ ሰባኪው ሊሲያቴ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሥላሴ መስበክ አለበት። ልጁ ፌአኦ ግን አፍጥጦበታል።

እንደ እሑድ ወጉ ወንዶቹ ከጸሎት በፊት ቄሱ ቤት ምንጣፍ ላይ ከብበው ካቫ የሚሉትን ምላስ የሚያደነዝዝ የሥር መጠጥ ይጠጣሉ። ፌአኦ እናቱ በሞተች ማግስት ባሕር ማዶ ወደ ኦክላንድ ሄዶ ከሰባት ዓመት በኋላ ትናንት በመርከብ መምጣቱ ነው። እዚያ ሥላሴን ከማይቀበሉ ሰዎች ጋር ተቀላቅሏል የሚለው ወሬ ግን ቀድሞት ደሴቲቱን አዳርሷል። ሊሲያቴ ለሃይማኖቱ አልፈራም። የፈራው ልጁ በነገው መርከብ ሄዶ እንዳይቀርበት ነው።

«አባባ፣ አንድ ነው ወይስ ሦስት?»

«አንድም ሦስትም።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ምሥጢር ነዋ!»

«እኛ ልጁ ሥራ ሄደ ስንል ሒሳብ ሲማር ከርሟል!» አሉ ሽማግሌው ማአፉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ፌአኦ አልሳቀም።

«ስማኝ ልጄ» አለ ሊሲያቴ። «አርባ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ወለሉን አላየሁም። አላየሁት ብዬ የለም አልልም። እግዚአብሔር ከባሕር አያንስም።»

«ይሁን። ግን እናቴ ለምን ሞተች ብዬ ስጠይቅዎትም ምሥጢር ነው ብለውኛል። ያ ውሸት ከነበረ ይኼኛውን እንዴት ልመን? እውነቱን ይንገሩኝና ቁጭ ብዬ ስብከትዎን እሰማለሁ። አለዚያ ነገ እሄዳለሁ፤ አይጠብቁኝ።»

ከበሮው ሁለተኛ ተመታ። ካቫ ቀጂው ቅሉን እንደያዘ ቀረ፤ ቄሱ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ሊሲያቴ ያችን «ምሥጢር» የምትል ቃል አንዴ ቢደግማት ሁሉም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅለት ነበር። ቀላል ነበር። ምላሱ ከብዶታል፤ ካቫው ይሁን ፍርሃቱ እሱም አያውቅም።

«የእናትህ ምሥጢር አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ሲሲሊያን ሆዷን ሲቆርጣት እሑድ ጠዋት ነበር። ጀልባዬ ነበረች፤ ነዳጅም ነበረ። ቄሱ ‹ለነፍስ ነው፣ ማዶ ወዳለው ሐኪም ቤት ውሰዳት› ብለውኝ ነበር። እዚህ አገር በሰንበት ጀልባ አይወጣም፤ ሰባኪው ሰንበት ሻረ እንዳልባል ሰኞን ጠበቅኩ። ሰኞ መንገድ ላይ እጄ ላይ ሞተች። የገዛ ሥራዬን በእግዚአብሔር አሳበብኩ።»

ፌአኦ ተነስቶ ወጣ።

ሦስተኛው ከበሮ ተመታ። ሊሲያቴ መድረኩ ላይ ቆመ። ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን ጠራ። መዝሙሩም ንባቡም አልፎ ነበር ፌአኦ ሲገባ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ እግሩ አሸዋ በአሸዋ ነው። ጀልባዋ ያለችበት ዳርቻ ወርዶ ነበር። ሲሲሊያ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። አባቱን ግን አላየውም።

«ሦስት ሲሆን አንድ፣ አንድ ሲሆን ሦስት» አለ ሊሲያቴ። «ይህ…» «ምሥጢር ነው» ሊል ነበር። ሰባት ዓመት የተደበቀባትን ቃል አፉ እምቢ አላት። አፈረ፤ እንባውም መጣ።

ፌአኦ ቀና ብሎ አየው።

«ይበሉት፣ አባባ» አለ። «አሁን ይበሉት።»