የተገለበጠው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የእህቷ ልጅ የገዛችውን፣ ከነጭንቅላቱ ቀበሮ የሚያስመስል ፀጉራም ልብስ አገላበጠችው።

«አክስቴ፣ ጭንቅላቱ ውስጡ ይቧጭረኛል። ይሄም ካልሆነ ዘንድሮም ጓደኞቼ እንስሳ መስለው ሲሰበሰቡ ቤት መዋሌ ነው።»

«አንቺ ዱሮስ ምን ተመችቶሽ ያውቃል!»

ልጅቷ ሕፃን ሳለች ስፌት በነካት ቁጥር ታለቅስ ነበር። እናቷ «ቅብጠት ነው» ስትል፣ አክስት ግን እልኸኛ ናትና ቀሚሷን ገልብጣ፣ ስፌቱን በውጭ አድርጋ አለበሰቻት። ሰፈሩ ሳቀ፤ ልጅቷ ግን ለቅሶዋን ትታ ዝም አለች።

ያ ቀሚስ ዛሬም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ በእጥበት ብዛት እንደ ጥጥ ለስልሷል። አክስት እየሳሳች ቀደደችውና ስፌቱን ወደ ፀጉሩ አዙራ ለቀበሮው ጭንቅላት ገበር አደረገችው።

ልጅቷ አጠለቀችው።

«እህ፣ ቀበሪት?»

መልስ የለም። አክስት ያንን ዝምታ አወቀችው፤ መርፌዋን ወደ መስኪያው መልሳ ሰካች።