የግራዝማች አድማሱ ኢየሩሳሌም

ከስማዳ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ የተመለሰ ሰው በዚያ ዘመን ስሙ ይለወጥ ነበር። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ቀርቶ «ኢየሩሳሌም» ተብሎ ይጠራል፤ በሰርግና በተዝካር ከፍ ካለው መደብ ይቀመጣል፤ ሲያልፍም ሴቶች ጉልበቱን ይስማሉ። ክብሩ በእርግጥ የሚገባቸው ሰዎች ነበሩ። ግራዝማች አድማሱ ግን የተመኘው ስሙን እንጂ መንገዱን አልነበረም።

በ1920 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ ከስማዳዋ ወገዳ በላይ ካለው ደብር ሊነሣ ሲል፣ የአካባቢው ሰው የሙታኑን ስም በብራና አስጽፎ በእጁ ሰጠው። ስሞቹ በትንሣኤ ዕለት በጎልጎታ እንዲጠሩ ነበር። አብዛኛው ሰው ያስጻፈው ለበረከት ነው። እመት ካሣነሽ ግን ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም። አንድ ልጃቸው ደምሌ፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ድንበር ገፍቶ አረሰ ተብሎ በነፍስ አባቱ ተወግዞ ነበር። ካህኑ ግዝቱን ሳይፈቱ ሞቱ፤ ልጁም በዓመቱ ተከተለ። ፍትሐት ተከልክሎ ከቅጥሩ ውጪ፣ ከብት በሚነዳበት መንገድ ዳር ተቀበረ። እናቲቱ ሁለት ዓመት ደጅ ከጠኑ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ አንድ ፍርድ ሰጡ፤ ስሙ በጎልጎታ ከተጠራ ግዝቱ እንደ ተፈታ ይቆጠራል፣ አፅሙም ወደ ቅጥሩ ይገባል አሉ።

በመንገድ የሆነውን ያወቅሁት አብረውት ከተጓዙት፣ በአገራችን ካለው የቤተ ልሔም ገዳም መነኩሴ ከአባ ገብረ ሕይወት ነው። እስከ ምጽዋ ባለው የአርባ ቀን ጉዞ ግራዝማች አንድ ክረምት የበሽሎን ወንዝ በሙላቱ ሰንጥቆ እንደ ተሻገረ ያላወራበት ማደሪያ አልነበረም። ምጽዋ ያኔ በጣልያን እጅ ናት። ወረርሽኝ ስለ ተሰማ፣ ወደ ትልቁ መርከብ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በወደቡ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት አንድ ሌሊት አድሮ በሐኪም እንዲታይ ታዟል። ወደዚያ የምታመላልሰው በእንፋሎት የምትሄድ አንዲት ጀልባ ነበረች፤ መንገዱም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ለግራዝማች አንዱ ሰዓት በቃው። ጀልባይቱ ከወደቡ ገና ስትላቀቅ ሁለት እጁን በገመድ ላይ ጠምጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። ባሕሩ የረጋ ነበር፤ ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት የሐማሴን አሮጊት ስንቃቸውን ፈትተው ይበሉ ነበር። እሱ የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰ፤ ከዚያም ጀልባ ነጂውን ወደ ኋላ እንዲመልሰው አዘዘ። ጀልባ ነጂው አማርኛ አያውቅም፤ የግራዝማችን ማዕረግም እንዲሁ።

ደሴቲቱ ዛፍ የማይበቅልባት፣ ለጥ ያለች፣ ጥቂት ድንኳንና አንድ የመብራት ግንብ ብቻ ያለባት የአሸዋና የድንጋይ ቁራጭ ናት። ግራዝማች ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለክቶ፣ ትክክለኛውን መካከል ፈልጎ፣ ቡሉኮውን እዚያ አነጠፈ። ባሕሩ ተነሥቶ ቢመጣ ከአራቱም ወገን እኩል እንዲርቀው ነው።

ሲነጋ ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ አሰናበተ። ትልቁ መርከብ ቆሞ ይጠብቃል። ግራዝማች ግን ወደ ምጽዋ በምትመለሰው ጀልባ ሊሳፈር ጓዙን ጠቀለለ። አባ ገብረ ሕይወት አልነቀፉትም፤ ፍርሃት በማንም ላይ ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት።

«ግራዝማች፣ እርስዎ ይመለሱ። ብራናውን ግን ለእኔ ይስጡኝ፤ ስሞቹ ይሂዱ።»

«አደራው የተሰጠው ለእኔ ነው። ለሌላ አሳልፌ ብሰጥ አገሬ ምን ይለኛል?»

የሰውየው ክፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብራናውን መስጠት አለመሄዱን ማመን ስለሆነበት፣ የሙታኑን ስም ሁሉ ከቡሉኮው ጋር ጠቅልሎ ይዞ ተመለሰ። ፋሲካ እስኪያልፍ ምጽዋ ተደብቆ ሰነበተ፤ ከአንድ ግሪክ ሱቅ የወይራ እንጨት መስቀል ገዛ፤ በሰኔ አጋማሽ ስማዳ ገባ። አባ ገብረ ሕይወት ኢየሩሳሌም ስለ ቀሩ የሚያጋልጠው ሰው አልነበረም። ሕዝቡ እስከ ወንዙ ወርዶ በእልልታ ተቀበለው፤ እሱም መስቀሉን አሳለመ። ለመቅደሱም አዲስ መጋረጃ ሊሰጥ ስእለት እንደ ገባ ተናገረ፤ ይህን አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ በተለይ ሰሙ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ምስክርነቱን ጠየቁት። የወልደ ሰንበትን ስም በጎልጎታ ሦስት ጊዜ እንዳስጠራ ተናገረ። አለቃ ፍርዱን ሊሰጡ ሲሉ እመት ካሣነሽ ፈቃድ ጠየቁ። ተጠራጥረው አልነበረም፤ ልጃቸው የተፈታበትን ቦታ በልባቸው ሊያዩት ፈልገው ነው።

«ግራዝማች፣ ዳገቱ እንዴት አደረገዎ?»

«የምን ዳገት?»

«የኢየሩሳሌሙ። ወደዚያ ይወጣል ሲባል እሰማለሁ።»

ሰውየው በእናቲቱ አለማወቅ ሳቀ። «አዬ እመት ካሣነሽ፣ ኢየሩሳሌም እኮ እንደ አውድማ ለጥ ያለች ናት። ዙሪያዋን ባሕር ነው። እኔ ራሴ ከመካከሏ ቆሜ በአራቱም ማዕዘን ውሃውን አይቻለሁ።»

በስማዳ ማንበብ የማይችል ብዙ ነው፤ ኢየሩሳሌም በተራራ የተከበበች መሆኗን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያልሰማ ግን የለም። ደብተራ ቀለመ ወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው በሆሣዕና ጌታችንን የተሸከመችው አህያ ዋና ታውቅ ነበር» አለ።

ጥቂቶች በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። አለቃ አልሳቁም፤ መጋረጃው ታወሳቸው። መንገድ ያደከመው ሰው አንዱን ቦታ ከሌላው ያምታታል፣ ዋናው ነገር ስሙ መጠራቱ ነው፣ አፅሙ ነገ ይፍለስ ብለው ፈረዱ። ካህናቱም ይሁን አሉ። ከመካከላቸው ውሸቱን ያልተረዳ አንድም አልነበረም፤ ተማሩ የተባሉት ሁሉ ዕውቀታቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ ትተው ለምሳ ተነሡ።

እመት ካሣነሽ ዝም ቢሉ ልጃቸው በማግስቱ ከቅጥሩ ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ወደ አለቃ ዞሩ።

«አለቃ፣ ልጄን ያስወገዘው ድንበር መግፋት ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ የቅጥሩን ድንበር በሐሰት ገፍቼ አላስገባውም። ይቆይ።»

በኅዳር መሬታቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው ከሩቅ አገር መንገደኞች ጋር ወጡ። በዚያችው ጀልባ ተሳፈሩ፤ በዚያችው ደሴት አደሩ። ባሕሩን እጅግ ፈርተውት እንደነበር ኋላ ለአባ ገብረ ሕይወት ሳይደብቁ ነግረዋቸዋል። ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው፣ የልጃቸውን ስም በትንሣኤ ዕለት አስጠሩ። በዚያው ክረምት ታመው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አባ ገብረ ሕይወት ወደ አገር ሲመለሱ በቀጥታ ስማዳ መጥተው፣ ስሙ ሲጠራ በጆሯቸው መስማታቸውን በጉባኤው ፊት መሰከሩ። በአንድ ውሸታም ቃል ለመፍረድ ያልተቸገሩት አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አሁን ሕጉ ሁለት ምስክር ይጠይቃል፣ ሁለተኛውም ኢየሩሳሌም የደረሰ ሰው መሆን አለበት አሉ። ይህን ጊዜ ግራዝማች አድማሱ ከመደቡ ተነሥቶ ሁለተኛው ምስክር እኔ ልሁን አለ። ለሟቿ ውለታ እየዋለ መስሎት ነበር።

አለቃም ደስ ብሏቸው ወደ መነኩሴው ዞሩ። «አባ፣ እንግዲህ ሁለት ሆናችሁ። ይስማማሉ?»

«እናቱ እምቢ ያሉትን ምስክር እኔ አልቀበልም» አሉ አባ ገብረ ሕይወት፤ መቋሚያቸውንም አንሥተው ወጡ።

ሌላ ሁለተኛ ምስክር አልተገኘም። የደምሌ አፅም ዛሬም ከከብቶቹ መንገድ ዳር ነው። ግራዝማች አድማሱ በአልጋው ላይ ሞቶ፣ ሰባት ካህናት ፈትተውት፣ ከመቅደሱ አጠገብ ተቀብሯል።