የማሽኑ ትርፍ

«ማሽኑ አይሳሳትም፣ እትዬ» አላት የቅሬታ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የባንኩን መልስ በመስታወቱ ሥር እየገፋላት። «ካርዱ የእርስዎ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩም ልክ ነው። እዚህም ተጽፏል፦ ገንዘቡን የወሰደው ቤትዎን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሰዓት ሠሪዋ ወረቀቱን አላነሳችውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ሰክታ የኖረች ሴት ናት። ማሽን አይሳሳትም የሚላትን ሰው ታግሣ መስማት ለምዳለች፤ እንጀራዋ የተሳሳተ ማሽን ነውና።

ከወር በፊት ነው። ጉልበቷን አሟት ስለዋለች ካርዷን ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታ ለሱቋ ኪራይ ስምንት ሺህ ብር እንዲያወጣላት ላከችው። የገንዘብ ማውጫ ማሽኑ በመጀመሪያ አጉረመረመና ምንም ሳይሰጠው ካርዱን መለሰ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሲሞክር ሰጠው። ባንኩ ግን ስምንት ሺውን ሁለት ጊዜ ቀነሰባት፣ የአገልግሎት ክፍያውንም እንደዚያው። የዚያን ዕለት ምሽት «እውነት አልሰጠህም?» ብላ ጠየቀችው። አንዴ ብቻ። ወንድሟ በማግስቱ ልብሱን በሻንጣ ሸክፎ የሚሠራበት ጎማ መጠገኛ ቤት ጓሮ ገባ። ዘመድ አዝማዱም ነገሩን እየተቀባበለ አጋጋለው።

ዛሬ ሱቋን ዘግታ የመጣችው ለልመና አይደለም።

«ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ።»

ከሥራ አስኪያጁ በፊት ሽቶው ደረሰ። ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ግን በር መዝጊያ ዓይነት ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለችው። «የዚያን ቀን ማሽኑ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ስትቆጥሩ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ?»

«እሱ የውስጥ አሠራር ነው።»

«ገጥሞ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄ እወጣለሁ። ትርፍ ከተገኘ ግን የእኔ ነው። ቆጠራውን ያምጡልኝ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ወንበር ስባ መስኮቱ ፊት ተቀመጠች። ከኋላዋ ከተሰለፉት አንድ ሽማግሌ ለማንም ሳይሆን «እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ቢገጥምስ የሚል ሐሳብ አንዴ ብልጭ አለባት። እፍ ብላ አባረረችው።

ሰውዬው መዝገብ ይዞ ተመለሰ። ስምንት ሺህ ትርፍ ተገኝቷል። «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል።

«ባለቤቱ እኮ ወር ሙሉ እዚህ መስኮት ላይ ስትመላለስ ነበር» አለች።

ገንዘቡ ዛሬውኑ እንደሚመለስላት ነገራት።

«ክፍያውም።»

«ክፍያውም።»

«አሁን ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ጥፋቱ የማሽኑ እንደነበረ፣ የላክሁት ሰው ምንም እንዳልወሰደ። ማኅተም ያለበት።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም።»

«ሌባ ነው ስትሉ ግን ጽፋችኋል» አለች፣ ያላነሳችውን ወረቀት በጣቷ እያሳየችው።

ተጻፈላት።

ጎማ ቤቱ ከባንኩ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ወንድሟ አንድ ጎማ የውኃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አየር የሚያወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ደብዳቤውን ዘረጋችለት። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት፤ ማኅተሙን አየና ሙሉውን ሳያነብ አጠፈው።

«እታለም፣ ባንክ የሄድሽው አምነሽኝ ነው ወይስ ለማመን?»

ዋሽታ ልታሳርፈው ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዚያን ምሽት ጠርጥሬሃለሁ» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ልቤ ተመለሰ፤ ልጠራህ ግን ኩራት ያዘኝ። ዛሬ የሄድኩት አምኜህ ነው። ምሽቱን ግን አልክድህም።»

የጭነት መኪና መንገዱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የጎማውን አንድ ጠርዝ ያዘና ሌላውን በአገጩ አመለከታት።

«ያዢልኝ።»

ለባንክ ብላ የለበሰችውን ቀሚስ እጅጌ ሰበሰበችና እጆቿን ውኃው ውስጥ ከተተች። ቀዝቃዛ ነው። ጎማውን አብረው ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ሁለቱም አቀርቅረው፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያዩ።