ይቺ ቱቦ ዛሬ ምን ትሠራለች?

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዋን ነርስ የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ አሥራ አምስት» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ያለ ምክንያት አይደለም። በሕፃን ክንድ ገብታ እስከ ልቡ አጠገብ የምትደርሰውን ቀጭን ቱቦ ሊነካ የመጣ ሁሉ፣ ሐኪምም ቢሆን፣ እጁን ታጥቦ የቱቦዋን ጫፍ በአልኮል እያሸ እስከ አሥራ አምስት ጮክ ብሎ ካልቆጠረ አታሳልፈውም። ጀርም በዚያች ቱቦ ከገባ ቀጥታ ደም ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሕፃን በዚሁ ሰበብ አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ እትዬ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንጂ ሌላ ወሬ የላትም።

አንድ ጠዋት፣ በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ከተኛበት ማሞቂያ አጠገብ አባትየው ቆሞ አገኘችው። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዝምተኛ፣ ግን ሽቦም ሆነ ቱቦ ካየ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ሳያጣራ የማያልፍ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ ቱቦ ዛሬ ምን ትሠራለች?» አላት።

በደም ሥሩ ምግብ የሚገባባት ናት ልትለው አለችና የልጁን የዕለት መከታተያ ቅጽ ገለጠች። ልጁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚበቃውን ያህል የእናቱን ወተት እየወሰደ ነው። በቱቦዋ የሚገባ ነገር የለም። «ዛሬም ታስፈልጋለች?» ከሚለው የቅጹ ጥያቄ ጎን ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ «አዎ» ብላ የጻፈችው ራሷ ናት።

አባትየው ያስቀየማት መስሎት፣ በእነሱ ሙያ ሥራዋን የጨረሰች ሽቦ ግድግዳ ውስጥ እንደማትተው፣ ይህም አንድ ቀን ሰው ስለምትይዝ መሆኑን አስረዳት። የእትዬ ፊት ጋለ። «ወንድሜ፣ ልክ ነህ» ብላው በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ሄደች።

ዶክተሩ አመነታ። የልጁ ደም ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ነገ ብታስፈልግ መልሶ ለማስገባት መከራ ነውና ለምናልባቱ እስከ ሰኞ ትቆይ አለ።

«ዶክተር፣ ለምናልባት ብለን በር ከፍተን ነው የተኛነው» አለችው። «ሌባው ደግሞ ሰኞን አይጠብቅም።»

ዶክተሩ ሳቀ። የልጁን ክብደትና የወተቱን መጠን ደግሞ ካየ በኋላ ግን ተስማማ። እትዬም ስህተቱ የራሷ፣ ብልሃቱ የአባትየው መሆኑን ለክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባትየው ጥያቄ በየጠዋቱ ወላጆች ባሉበት ጮክ ተብሎ እንዲጠየቅ ተወሰነ።

እኩለ ቀን ላይ ቱቦዋ ወጣች። እናትየው እስከዚያ ቀን ቱቦዋን እነቅላለሁ ብላ ስለምትፈራ፣ ልጇን በአንድ ጣት ከመንካት አልፋ አታውቅም ነበር። አሁን እትዬ ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ አስተኛችላት። ልጁ አንዴ አዛጋና እንቅልፉን ለጠጠው። አባትየው እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ተራው እስኪደርስ አጠገባቸው ቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መቼ እንደሚደርሰው ቢጠይቅ፣ ሚስቱ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ «ገና አልጠገብኩም» አለችው።