የእድሩ ድስቶች መቼ ይነሱ

እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ለለቅሶ የተገዛ ድስት የማን ነው፣ አዋጥተው የገዙት ሰዎች ነው፣ ስትጠብቀው የኖረችው ሴት ነው፣ ወይስ የሞተው ሰው? ውባንቺ ይህንን ስታወጣ ስታወርድ ነው የዋለችው፣ አሁንም ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ካለው የዕቃ ማከማቻ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ብረት ድስት ላይ ተቀምጣ ታወጣለች ታወርዳለች፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ዕቃው ዛሬ ይነሳ ወይስ ሰኞ። ዛሬ ብላ ነበር። እንደ ልጅ የምታዘው ተክለ ጻድቅ ለዚሁ ብሎ ትራክ ተውሶ መጥቷል፣ በሩ ላይ ፓርክ አድርጎ ይጠብቃታል፣ ስካይዌይ፣ ከቤቷ አጠገብ፣ ሌላ ማከማቻ ውስጥ ሌላ ክፍል ተከራይታለች፣ ቁጥሩን ለማንም አልነገረችም፣ ለተክለ ጻድቅስ? ነግራዋለች፣ ካልነገረችው ወዴት ሊወስደው ነው፣ ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች፣ የተናገረችውን ካሰበችው አትለይም።

ዕቃው የሚነሳው ዛሬ ነበር፣ ሐሙስ፣ ያለቀ የደቀቀ ነገር። ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሣህሊቱ፣ የእድሩ ጸሐፊ የነበረችው። እትዬ ውባንቺ፣ ተቀምጠዋል? ተቀምጫለሁ፣ ምን ሆንሽ? ጋሼ ሙላቱ አረፉ። የትኛው ሙላቱ? ስንት ሙላቱ ታውቅና ነው የምትጠይቀው፣ የደስታነሽ ባል፣ እድሩን ከራሷ ከውባንቺ ጋር የመሠረተው ሙላቱ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ሶ፣ ለቅሶው ሬንተን እሳቸው ቤት ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል፣ እና እትዬ፣ ዕቃው… ዕቃው ምን? ያው እርስዎ ጋ ነው አይደል። አይ ሣህሊቱ፣ ሰኔ ላይ እድሩ ለሁለት ሲከፈል እጇን ለነደስታነሽ ያወጣች፣ በመንገድ ስታልፍ ፊቷን ያዞረች፣ ዛሬ እትዬ አለች።

ሦስት ብረት ድስት፣ አርባ ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ድንኳን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ካርቶን የራሷ መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው የአገራቸው ሰው እዚህ ከተማ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛውን በወረቀት ሳህን አበሉት፣ ሽሮው ሳህኑን አርሶ የሰዉ ጉልበት ላይ ፈሰሰ፣ አንዲት የሟች እኅት ከሩቅ መጥታ ያንን አየች፣ ያን ጊዜ ነው ሙላቱ እድር እናቋቁም ያለው፣ ደንቡን ውባንቺ ጻፈች፣ ዕቃው ለአባል ለቅሶ ይወጣል፣ ኃላፊዋ ቆጥራ ታስረክባለች ቆጥራ ትረከባለች፣ አሥራ አራት አንቀጽ። እድርተኛው ለሁለት ቢከፈል የሚል አንቀጽ የለም። ማን ያስበዋል። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበች ሴት አላሰበችውም።

መብራቱ ጠፋ። የኮሪደሩ መብራት እንደ ሰዓት የሚሞላ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይበራና ይጠፋል። ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች፣ ትነሳ? ትነሳለች፣ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ጠመዘዘችው፣ በራ። ድስቶቹ ቂጣቸውን ወደ ላይ አድርገው ያዩአታል፣ በእያንዳንዱ ላይ እድር የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ የሙላቱ እጅ ነው፣ በደስታነሽ የጥፍር ቀለም የጻፈው። ሙሌ፣ ቀለሜን ጨረስከው እኮ! አለችው ደስታነሽ። ለሬሳ ነው፣ ዝም በይ። ለሬሳ ከሆነማ ጥፍሬንም ቀባልኝ፣ ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያች ሴት ናት እንግዲህ ሰኔ ላይ የተነሳችው። ሬንተን ቤት የገዙት የራሳችንን እድር እናቋቁማለን፣ ዕቃውንም ይዘን እንወጣለን አሉ፣ ውባንቺ ዕቃው የሁሉም ነው አይከፈልም አለች፣ ደስታነሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ለመሆኑ ምን ሰው አላትና ነው፣ የማንን ሬሳ ልትሸኝበት ነው ድስት ታቅፋ የምትቀመጠው? ግማሹ አዳራሽ ሳቀ። ግማሹ ዝም አለ። ሙላቱ ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ምን ነበረ? ምንም። በማግስቱ ውባንቺ የማከማቻውን ቁልፍ ለወጠች።

ሐምሌ ውስጥ ደግሞ የማከማቻው ቢሮ ፈረንጅ ነገረቻት፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጥቶ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ቁልፉ አልገባለትም፣ በሩ ላይ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ሙላቱ ነው፣ ሊወስድ ነበር? ትራክ አልያዘም፣ ብቻውን ነበር። ሊያይ? እሷን ፈልጎ? እሷን ቢፈልግ ቤቷን ያውቀው የለ፣ ስልክ አለ፣ አልደወለም፣ እሷም አልደወለች፣ አሁን ማንን ትጠይቃለች።

እውነቱን ለራሷ ትናገር፣ ሰው የላትም። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ባል የለ ልጅ የለ፣ አገር ቤት የቀሩት ዘመዶች የሚያውቋት በፎቶ ነው። ድስቱ እኔ ጋ እስካለ ድረስ መምጣታቸው አይቀርም ብላ ነው የያዘችው፣ ስሞት ድስታቸውን ፍለጋም ቢሆን ይመጣሉ፣ ከመጡ ደግሞ አፍረው ይቀብሩኛል። ይኸው ነው ምስጢሩ። ሬንተን ከሄደ ተመልሶ አይመጣም፣ ካልመጣ ውባንቺን ማዘጋጃ ቤት ይቅበራት። ዛሬ ስካይዌይ ካስገባችው ደግሞ ቅዳሜ ሙላቱ በወረቀት ሳህን ይሸኛል፣ ሙላቱ! በልብ ወለድ ውስጥ ቂመኛ አሮጊት መጨረሻው ገጽ ላይ ትለሰልሳለች፣ ደራሲው ስለደከመው ነው፣ እሷ እንደሆነ አልደከማትም። ሙላቱስ አባል ነው? ወጥቷል፣ ፈርሞ ወጥቷል። ግን ድስቱን ከሱቅ የተሸከመው በራሱ ትከሻ ነው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣ በደረጃ። ታዲያ የወጣ ሰው አባል አይደለም። ታዲያ ትከሻውስ?

እትዬ! ተክለ ጻድቅ ነው፣ ዝናብ አበስብሶታል፣ እትዬ፣ ትራኩን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሪተርን አድርግ ተብያለሁ እኮ። ቆይ። ቆይ ካሉኝ አንድ ሰዓት አለፈ፣ እንደ ዶሮ ታቅፈውት ሊያድሩ ነው እንዴ? አፍህን ያዝ፣ ማነው ታቅፈው ያለህ፣ ማነው የነገረህ? ማንም፣ ቀልዴን ነው፣ ምን አጠፋሁ፣ የኔ እናት፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጫን ካሉኝ እጭናለሁ፣ ስካይዌይ አይደል? ነግራዋለች ማለት ነው። ቅዳሜ አንተ ትሄዳለህ? አለችው። እንዴት አልሄድ፣ ከአውሮፕላን ስወርድ የተቀበሉኝ ጋሼ ሙላቱ ናቸው፣ ኮታቸውን አውልቀው ነው ያለበሱኝ። እና እትዬ ደስታነሽ ጠዋት ኮል አድርጋልኝ ነበር፣ ስለ ዕቃው አልጠየቀችኝም፣ ውባንቺ ሰምታለች ወይ ብቻ ነው ያለችኝ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ውባንቺ ተነሳች። ጉልበቷ ጮኸ። ሰምታለች ወይ። ምን ማለት ነው ሰምታለች ወይ፣ ብልጠት ነው? ብልጠት ነው። አይደለም? እንጃ። አያልቅም ይህ ነገር፣ እዚህ ብታድርም አያልቅም።

ጫን፣ አለችው።

ኦኬ፣ ስካይዌይ።

ሬንተን። ሦስቱን ድስት፣ ወንበሩን፣ ድንኳኑንም፣ መጻሕፍቴን እንዳትነካ። ለሣህሊቱ ቆጥረህ ታስረክባታለህ፣ ትፈርማለች። ሰኞ ጠዋት ሄደህ ቆጥረህ ታመጣለህ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ስካይዌይ እናገባዋለን።

ካልመለሱስ እትዬ?

አላውቅም። አላውቅም አልኩህ፣ አንሳው ይልቅ፣ በዚያ በኩል ያዘው፣ ከባድ ነው።

ተክለ ጻድቅ ድስቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ቆመ፣ ፊቱ በርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሶ ታረቃችሁ ማለት ነው፣ ይቅር ብላሻለች ልበላት?

ምንም እንዳትላት፣ አለች ውባንቺ፣ ደስታነሽን ይቅር አላልኩም፣ ሣህሊቱንም፣ የሳቀውንም ዝም ያለውንም፣ ሙላቱንም ቢሞት። ማንንም ይቅር አልልም።