ሁለተኛው ክራር

ባሌ እንዳሻው ጥላውን የማያምን ሰው ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት፣ አገራችንና ኤርትራ ጦርነት ሲገጥሙማ ባሰበት።

በስደት በምንኖርበት ፈረንጅ አገር፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያጠናው በመካከለኛው ዘመን ስለ ሙዚቃ በሳንስክሪት የጻፉ የሕንድ ሊቃውንትን ነበር። አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ራሱን እስኪደግም ሃያ ሁለት ረቂቅ እርከን አለ ይላሉ። ማረጋገጫቸው እኩል የተቃኙ ሁለት ባለ ክር መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዱ አይነካም፣ ሌላው በጥቂት በጥቂቱ እየላላ ጆሮ ልዩነቱን ይፈርዳል። እንዳሻው ይህን አርብ ዕለት በፈታኞቹ ፊት በክራር ሊያሳይ ነው። ካልሆነለት ዶክትሬቱ አበቃ።

አንድ ክራር አለን። ሁለተኛውን ያዋሱን ከላያችን የሚኖሩት ኤርትራዊው ጡረተኛ ጋሽ በርሀ ናቸው። ሥራ ስንውል የበረንዳዬን ጤና አዳም ውሃ ስለሚያጠጡልኝ ቁልፋችንም እሳቸው ዘንድ ነው።

እንዳሻው ጠዋት የተዋሰውን አላልቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ተወጥሮ ከሌላው እኩል ሆኖ ያገኘዋል። መጀመሪያ እኔን ጠረጠረ። አቧራውን እንኳ አልጠርግልህም ብዬ አሳፈርኩት። ቀጥሎ ቁልፉ ትዝ አለው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ጋሽ በርሀ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ያቀረቅራሉ አለኝ። አንተስ ቀና ትላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ግን ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ እኔንም ያዘኝ።

ሐሙስ ሁለታችንም ከሥራ ቀርተን መኝታ ቤት ተደበቅን። ጋሽ በርሀ ገቡ፤ ጤና አዳሙን አጠጡ፤ ከዚያ ክራሩን አንስተው ይቃኙ ጀመር። እንዳሻው ዘሎ ወጣ።

«ጥናቴን የሚያበላሹት ለማን ብለው ነው? ማን ላከዎት?»

ሽማግሌው ደነገጡ።

«ማን ይልከኛል፣ ወደይ፣ ልጄ? ላልቶ ሳገኘው፣ ጊዜ አጥሮት ነው ብዬ አቃናሁልህ። እኛ ቤት ክራር ላልቶ አይተውም።»

እንዳሻው አመዱ ቡን አለ። ስለ ሕንዶቹ ሙከራ አንድም ቀን አልነገራቸውም፤ አልጠየቁትማ። እኔ ይቅርታ በል እያልኩ በዓይኔ ብለምነው፣ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ክራሩ... ነገ ፕሩፉንግ... ፈተና አለኝ።»

«የሰላይ ክራር ይዘህ ፈታኝ ፊት አትቅረብ» አሉና ቁልፋችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ክራራቸውን ታቅፈው ወጡ።

አርብ በአንድ ክራር ቀረበ። ፈታኞቹ ሁለተኛውን ጠየቁት፤ ባለቤቱ ወሰደው ከማለት በቀር ምን ይበል? ወደቀ። ቤት ሲደርስ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ላይ ወጣ። ከታች ሆኜ በር ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ውስጥ ጋሽ በርሀ ክራር ይቃኛሉ፤ በሩን ግን አልከፈቱለትም።