ጃርሶ ለኮምፒውተሩ የመለሰው

ከብት ነጋዴው ጃርሶ ቱፋ አያት የሆነው በስልክ ነው። ባሏን ተከትላ ጆሃንስበርግ የገባችው ልጁ ኑርሀን አንድ ማለዳ ደውላ «አቦ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ» አለችው። በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ገበያ መሀል፣ የወይፈን ገመድ እንደያዘ፣ ገዢው ፊት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ማንን ይመስላል?» አላት።

«ፌስቡክ ክፈትና ራስህ እየው። ፎቶውን እዚያ ነው የለጠፍኩት።»

«እሱ የጎረምሶች ጨዋታ አይደለም እንዴ?»

«ሽማግሌ አይከለክልም፣ አቦ። ሳቢሪን ጋ ሂድ።»

ሳቢሪን የኑርሀን የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ወደ ኬላው በሚያወጣው መንገድ ዳር ሳይበር የሚሉትን ኢንተርኔት ቤት ከፍታለች። ጃርሶ በዚያ በር ሺህ ጊዜ አልፏል፤ ገብቶ ግን አያውቅም። የዚያን ዕለት ከፊያ ቆቡን አስተካክሎ ገባና፣ የወጣቶቹ ዓይን ሲያርፍበት አንገቱን እንደ መስበር አለ። ሳቢሪን ግን «አባ ኑርሀን! እንኳን ደስ አለዎት!» ብላ ተነሥታ ወንበር ሳበችለት።

ምዝገባው ቀላል አልነበረም። ኮምፒውተሩ የተወለደበትን ቀን ጠየቀ።

«ከብቱ ባለቀበት ዓመት ማግስት፣ ዝናብ የገባ ሰሞን ነው» አለ ጃርሶ።

ሳቢሪን ሳቀችና የመሰላትን ዓመት መርጣ ጃንዋሪ አንድ ብላ ሞላችለት። ከዚያ ፎቶ በስልኳ አነሣችው፤ ፖሊስ ፊት የቆመ ይመስል ተገትሮ ተነሣ። ኑርሀንን ፈልጋ ጓደኛ አደረገችለት። የኑርሀንን የሞያሌ ባልንጀሮችና እሱን የሚያውቁ ነጋዴዎችንና ሾፌሮችንም ጨመረችለት። ጃርሶ ዝም ብሎ ያያት ነበር እንጂ ምን እየሠራች እንደሆነ አልገባውም።

በመጨረሻ ፎቶው መጣ። መስመሩ ደካማ ስለነበር ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ግንባሩ ታየ። ቆይቶ የተጨፈኑ ዓይኖቹ፣ ቆይቶ አፍንጫው። አገጩ ጋ ሲደርስ ጃርሶ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አገጩ የኤሌማ ነው። ሚስቱ ኤሌማ ከሞተች ሁለተኛው ዝናብ እየገባ ነበር።

ወዲያው ሌላ ደንበኛ ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ ተቀርቅሮበት ሳቢሪንን ጠራት። ጃርሶ ብቻውን ቀረ። ከላይ አንዲት ባዶ ሳጥን አለች፤ ውስጧ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ አለ።

«ሳቢሪን፣ ይሄ ምን ይላል?»

«‹ምን እያሰቡ ነው?› ነው የሚለው! የሚሰማዎትን ይጻፉ፣ ሲጨርሱ ሰማያዊውን ይጫኑት። ለኑርሀን ይደርሳል!»

ጃርሶ ጥያቄውን አፍጥጦ አየው። ኤሌማ ከተቀበረች ወዲህ ሰው ስለ ዝናብ ጠይቆታል፣ ስለ በሬ ዋጋ ጠይቆታል፣ መቼ እንደሚያገባም ጠይቆታል። ይህን ግን የጠየቀው የለም። በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ፣ በኦሮምኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ኤሌማ ከሞተች ወዲህ ቤቴ እራት በልቼ አላውቅም። ሲመሽ ቤቱ ዝም ሲል እፈራለሁ። ሰው ግን ጃርሶ የሆቴል ምግብ ይወዳል ይለኛል።»

ሰማያዊውን ተጫነ፤ ልቡ ቅልል ብሎት ወጣ።

በማግስቱ ገበያ ላይ ጎረቤቱ ፈሀድ፣ ፍየል ነጋዴው፣ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባ ኑርሀን፣ የጻፉትን አየሁት። ዛሬ እራት እኛ ቤት ይሁን።»

«የቱን ነው ያየኸው?»

«ፌስቡክ ላይ ያሉትን ነዋ። የኤሌማን ነገር።»

ጃርሶ ፊቱ ፍም መሰለ። «ለማኝ መሰልኩህ?» ብሎ ጮኸበትና በሬዎቹን ጥሎ ሳቢሪን ጋ ገሰገሰ።

«ገበናዬን አደባባይ አወጣሽው! ለልጄ ነው የጻፍኩት!»

ሳቢሪን ደነገጠች። «ጓደኞችዎ ሁሉ እንደሚያዩት መንገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፉ በሉኝ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ገጹን ከፈተችና እጇ ቆመ። ከጽሑፉ ሥር ሰዎች መልስ ጽፈው ነበር።

«ምን ብለው ሰደቡኝ?»

«አልሰደቡዎትም። ይሄ ሾፌሩ ሁቃ ነው፣ ከኢሲኦሎ ከተማ የጻፈ። ‹አባ ኑርሀን፣ ሚስቴ ከሄደች ወዲህ እኔም ቤቴ አላድርም። ያለ ዕረፍት ጭነት የምጭነው ገንዘብ ወድጄ አይደለም› ይላል።»

ጃርሶ ሁቃን ያውቀዋል። ስንቱን ምሽት ሆቴል አንድ ገበታ ቀርበዋል፤ ስለ መንገዱ መጥፎነት ሲያወሩ ኖረዋል እንጂ ይህን ተነጋግረው አያውቁም።

«ኑርሀንም ጽፋለች። ‹አቦ፣ ደህና ነኝ ስትለኝ አምኜህ ነበር። ማታ እደውላለሁ› ነው ያለችው።» ሳቢሪን ቀና አለች። «ላጥፋው?»

ጃርሶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የሁቃን እስቲ ድገሚልኝ» አላት።

ከዚያ ፈሀድን ፈልጎ ገበያ ተመለሰ። ፈሀድ በሬዎቹን ጥላ ሥር አስሮ ሲጠብቅለት ውሎ ነበር። ጃርሶ የትከሻውን አቧራ እያራገፈለት «እራቱ እኔ ቤት ይሁን። ሥጋ እኔ እገዛለሁ፤ ወጥ ግን አልችልም» አለው። ፈሀድ ሳቀ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቱ የሠራችውን ሩዝና ወጥ ይዞ መጣ፤ ጃርሶም ሥጋውን ከሰል ላይ ጠበሰ። ጥቂት አርሮበታል።

መብላት እንደ ጀመሩ ስልኩ ጠራ። ኑርሀን ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ማልቀስ ጀመረች።

«ለምን አልነገርከኝም፣ አቦ?»

«አራስ ሴት ምን ብዬ ላስጨንቅ?»

«እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለች። «ደህና አይደለሁም። ባሌ ጠዋት ሱቅ የገባ ሲመሽ ነው የሚመጣው። ልጁ ጡት እየያዘ ይለቅቃል። እንዴት እንደማጥበው እንኳ አላውቅም። እናቴ ብትኖር እያልኩ ዝም ብዬ ቁጭ ነው።»

ፈሀድ ሳህኑን አስቀምጦ ሊወጣ ተነሣ። ጃርሶ በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

«ስሚኝ» አላት። «አንቺም ጡት እንቢ ብለሽ ነበር። እናትሽ በጎኗ ተኝታ ነበር የምታጠባሽ፣ ተቀምጣ አይደለም። አንቺ ስታለቅሺ እሷም ታለቅስ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር።»

«እማ አለቀሰች?»

«አርባ ቀን ሙሉ። አክስትሽ ዳዶ መጥታ ባትደርስላት ምን እንሆን ነበር?»

ይህን ሲናገር ራሱ የተናገረውን ሰማ። እህቱ ዳዶ ቦሪ መንደር ናት፤ ልጆቿን ድራ ከፍየሎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች።

በማግስቱ ከገበያው በፊት በቦዳቦዳ ሞተር ቦሪ ሄዶ ነገሩን ነግሯት ኑርሀን ዘንድ እንድትሄድ ጠየቃት። ዳዶ ከማርሳቢት ከተማ አልፋ አታውቅም። አውሮፕላን የምታውቀው ከሰማይ ድምፁን ነው። ብዙ አሰበች፤ ፍየሎቿን አየች።

«ልጅቷ ትምጣልኝ ብላለች?» አለችው።

«አላለችም። ብጠይቃት ‹ደህና ነኝ› ነው የምትለኝ።»

«እንግዲያው ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ» አለች ዳዶ። «ፍየሎቹን ግን አንተ ነህ የምታልባቸው።»

ፓስፖርቷ እስኪወጣ ጊዜ ወሰደ። እሱ በእጇ ሲገባ ለኑርሀን ቅቤ በፕላስቲክ ጀሪካን አሽጋ የናይሮቢ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ጃርሶ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲሸኛት የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ አንገቷን አወጣች።

«የልጁን ስም አልነገርከኝም እኮ!»

«ቱፋ ብለውታል» አላት፤ የአባታቸው ስም ነው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ዳዶም መቀመጫዋ ላይ ሆና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አያት።